ቃታ የለሽ

ግራዝማች ደምለው በጥቅምት ማለቂያ
ጠመንጃ አስመጡ፣ የቆቅ ማስፈራሪያ፤
ከጅቡቲ በባቡር፣ ከሸዋ በበቅሎ፣
በሰም ጨርቅ ታጥፎ፣ በጭድ ተጠቅልሎ።
ደንበጫ ወጥቶ አየው፤ ዞረው፣ ዳሰሰው፤
«ቃታውስ?» አለ አንዱ፣ «ማን ቆርጦ ወሰደው?»

የምናውቀው ጠመንጃ ቁጣው ከላይ ነበር፤
እንደ ፍየል ቀንዱን አቁሞ ነው የሚያድር፤
ሲያቆም ትሸሻለህ፣ ሲያስተኛ ትቀርባለህ፤
የልቡን ከራሱ ላይ ታነብለታለህ።
የአያቴ ዘመንማ፣ ባሩድ በአፉ ጎርሶ፣
በዘንግ ተጠቅጥቆ፣ እርሳስ ተንተርሶ፣
ዝናብ ሲመጣበት ዝም ነው አልቅሶ።

ይኼኛው ወገቡ እንደ በር ይታጠፋል፤
ከኋላው ይጎርሳል፣ ሲገጥም ቀጭ ይላል።
የተኮሰውን ቀለህ ራሱ ይተፋዋል፤
የድሮው ግን በካራ ተፈልፍሎ ይወጣል።
ግራዝማች ኮሩበት። «ሰው ቃታ ይስባል፤
የእኔ ገና ሲታጠፍ ራሱን ያጠምዳል!»

በኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ ተምጫ ዳር፣ በጠዋት፣
ኮርቻው ላይ አጋድመው ሲወርዱ ለውሃ ጥማት —
ጮኸ፣ ማንም ሳይነካው። በቅሎዪቱ ዳማ
ቀኝ ጆሮዋን አጣች፤ ግራው ብቻ ሰማ።
ተጠምዶ ነው ያደረው። በምን ይታወቃል?
ሲቆጣም፣ ሲተኛም፣ አንድ ፊት ያሳያል።

ወደ አባቴ መጣ። አባቴ ሞላ ነው፣
በስሙ የሚጠሩት ሥራ ሲኖራቸው፤
በሌላው ቀን ያለው ስም... ይቅርብኝ፣ አልጥራው።

እኔ ወናፍ ላይ ነኝ፤ ዐሥራ አንድ ዓመቴ።
«እጅሽን አሳርፊ፣ ዛሬ እሳት የለም» አለኝ አባቴ።
ብሎኖቹን ፈታ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ
ጎኑ ወለቀና ታየ መርፌው፣ ምላጭ፤
ከጀርባቸው ደግሞ፣ ጉልበቱን አጣጥፎ፣
ቃታው! ሁለት ሆኖ፣ ጨለማ ተደግፎ።
«አልጠፋም» አለ አባቴ፣ «ወደ ውስጥ ነው የገባ፤
ሞላ ነው የያዘው፤ ጣትሽ እንዳይገባ።»

ሦስት ቀን ዝም አለ።
በጎኑ ላይ መስኮት ሊከፍት አሰበ፤
«በጨለማስ?» አለና ሞረዱን ሰበሰበ።
በሦስተኛው ማታ፣ ኩራዙን አስጠጋና፣
ከጠገራ ብር ጠርዝ ስንጥር አወጣና
በሞረድ አሾለው፣ ዘይት አጠጣና፣
ከቃታው ጭራ ላይ በጥንቃቄ ተከለው፤
ሲጠመድ ብቅ ይላል፣ ሲተኩስ ጥልቅ ነው።
የስንዴ ቅንጣት ታህል፤ ጨለማም ቢሆን
አውራ ጣት ያነባታል፣ ሳያስቸግር ዓይን።
ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ አንድም አልነካካም።
«የሠሪው እጅ ጥሩ ነው፤ መናገር ግን አላስተማረውም።»

ግራዝማች ዳሰሱ። «ኧረ!» አሉ። አጠፉት።
«ኧረ!» አሉ ደግመው፣ እንደ ልጅ ሳቁበት።
ፍየል አስጎተቱ፣ ማርም በእንስራ፤
ስሙን ሦስቴ ጠሩት፣ ሞላ፣ አንተ ሞላ፣ እያሉ በተራ።
ጠላው ግን በደጅ መጣ፣ በአሮጌ ቅል ሆኖ፤
ጠጣን። ቅሉ ከአጥር ውጭ ተጣለ፣ ተበትኖ።

አባቴ አላየም። ወይም አየ። እንጃ።
ፊቱ ለስላሳ ነው እንደዚያ ጠመንጃ።

በዚያ ማታ ተኝቶ ትከሻውን ዳሰስኩ፤
ትንሽ ብር፣ ትንሽ ጫፍ፣ በጣቴ ፈለግኩ።
የለም። ቆዳ ብቻ፣ ከሥሩ ትርታ፤
ሞላ ነው የያዘው የዚያን ቤት ቃታ።

ግራዝማች ሞቱ። ጠመንጃው የት እንደ ገባ አላውቅም።
በቅሎዋ ግን ብዙ ኖረች፤
በገበያ ቀን በደጃችን ስታልፍ፣
ሌላው ሰው ፊቱን ሲያዞር፣
የሞረዱን ድምፅ በቀሪ ጆሮዋ ሰምታ
ትቆም ነበር፤ እስኪጎትቷት።